የተዘቀዘቀው ግድግዳ

ግድግዳው ማበጥ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። መጀመሪያ ከመስኮቱ ሥር የእንቁላል ያህል ተነፋ፤ መስቀል ሲደርስ የእንስራ ሆድ አከለ። በመዳፌ ስጫነው ከውስጥ ደረቅ ነገር እየተንኮሻኮሸ ወደ ታች ሲፈስ ይሰማኛል። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ፣ "ተይው፣ አትነካኪው፤ አርግዟል" አለች።

ያስረገዝኩት እኔ ነኝ። በ2003 ዓ.ም. እጄ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲተርፍ ከመርካቶ ጥቅል የግድግዳ ወረቀት ገዝቼ የእናቴን ቤት አሳመርኩ። ወረቀቱ ፊቱ ላስቲክ የለበሰ፣ ቀይ ጡብ የታተመበት ነበር። የጭቃ ቤትን ጡብ ማልበስ ያን ጊዜ ትልቅ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ለዓመታት የተደራረበ ጋዜጣ አለ፤ እርሱን መላጥ ስለሰለቸኝ በላዩ ላይ ኮላ ለቅልቄ ደፋሁበት። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አደነቀ። እናቴ ብቻ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "ይሄ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለውም" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የእርጅና ነጭናጫነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤቱን አባቴ በ1957 ዓ.ም. ጉለሌ ላይ ያሠራው ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን። ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በማገር ተማግሮ፣ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የተመረገ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አባቴ ትርፍ የሚባል ነገር ስላልነበረው ይህቺው ለእኛ ቀረች።

የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያስወጣል። የተለጠፈበት ጋዜጣም ቀጭን ወረቀት ስለሆነ አብሮት ይተነፍሳል። ላስቲክ ግን አይተነፍስም። ግድግዳው በየክረምቱ ከመሠረቱ የሚስበው ውኃ እኔ ባለበስኩት ጡብ ጀርባ መውጫ አጥቶ ታቆረ፤ ምርጊቱ ለሰለሰ፤ ከማገሩ ለቀቀ። ያ የሚንኮሻኮሸው ነገር የአባቴ ግድግዳ ነበር። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ታገስኩ፤ ጭቃም ኖራም ደረቅ አየር ይፈልጋሉና። ከዚያ የመጀመሪያውን ስሕተቴን በሁለተኛ ስሕተት ለማረም ተነሳሁ።

ሁለተኛው ስሕተት የመጣው በስልክ ነው። ወንድም ጋሼ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛው አሮጌ ቤት ኮሪደሩና ወጥ ቤቱ በሦስት ድርብ አበባማ ወረቀት የተሸፈነ ስለነበር አንድ ሙሉ በጋ ሲልጥ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ነው። "በመጀመሪያ ጥርስ ያለው መንኮራኩር አንከባልለሽ ወረቀቱን ትበሺዋለሽ። ከዚያ ሙቅ ውኃ በአቸቶ ታርከፈክፊበታለሽ። ሩብ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። በእስፓቱላ ትገፊዋለሽ። እንቢ ካለሽ እንፋሎት።" ምክንያቱንም አብራርቶልኛል፦ የወረቀት ማጣበቂያ በአብዛኛው ከስታርች የተሠራ ነው፤ ስታርች ሙቅ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይለቃል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። በእነርሱ አገር እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የተከለከለው በፈረንጆች 1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅም፤ ብናኙ መርዝ ነው። የእኛም በርና መስኮት በአሮጌ የዘይት ቀለም የተቀባ ነውና ይህን ምክር ሰማሁት፤ እንጨቱን የነካሁት አርጥቤ ብቻ ነው። የቀረውን ባልሰማው ይሻል ነበር።

የላስቲኩ ወረቀት ያለ ብዙ ትግል ለቀቀ። ጫፉን ይዤ ስጎትት ጡቡ እንደ በግ ቆዳ ተገፈፈ፤ ጀርባው በጥቁር ሻጋታ ተዥጎርጉሯል። ከሥሩ ጋዜጣው ብቅ አለ። በደስታ ውኃ አፈላሁ፣ አቸቶ ጨመርኩ፣ ሁለት ጆግ ሙሉ ግድግዳው ላይ ደፋሁና ሩብ ሰዓት እስኪሞላ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። አንደኛውን ስኒ ሳልጨርስ ከውስጥ "ዱብ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የምጣድ ያህል ግድግዳ ከነጋዜጣው፣ ከነጭዱ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። የአባቴ ማገር ከስልሳ ዓመት በኋላ ብርሃን አየ።

ወንድሜ አልዋሸኝም። የእርሱ ግድግዳ ግን በወረቀት የተለበጠ የጄሶ ሰሌዳ ነው፤ የእኔ አፈር ነው። አፈርን በፈላ ውኃ የሚያጥብ ሰው ጭቃ ሆነብኝ ብሎ ማንን ይከሳል?

በማግሥቱ በሰፈራችን የታወቁ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አስጠራሁ። ሲገቡ ምንም አልተናገሩም። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ ዞሩት። ድፍን ድምፅ የሚሰጠውን አለፉት፤ እንደ ቅል የሚያስተጋባውን በከሰል አከበቡት። ጨርሰው ወደ እናቴ ዞሩና፣ "እማማ፣ ይህን ቤት ማን ነው የገደለው?" አሉ። እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

የእርሳቸው ሕግ አጭር ነው፦ ውኃውን መጠጣት ያለበት ወረቀቱ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። አሮጌ አንሶላ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ፣ ጠብታ እስኪያጣ ጨምቆ፣ ጋዜጣው ላይ መለጠፍ። ዝም ብሎ መጠበቅ። ከዚያ ጨርቁን አንስቶ ሰፊ እስፓቱላ ከግድግዳው ጋር አስተኝቶ መግፋት፤ እስፓቱላው ቀና ካለ አፈር ይቆርሳል። በአንድ ጊዜ ክንድ በክንድ ብቻ። የለቀቀውን ማንሳት፣ እንቢ ያለውን ለነገ መተው። "ወረቀት ይግደረደራል እንጂ አይጨክንም" አሉኝ። አፍና አፍንጫዬንም አሳሰሩኝ። ያን ጊዜ ትኋን ለማጥፋት ዲዲቲ በየስንጥቁ ይነሰነስ እንደነበር ከእኔ በላይ ያስታውሳሉ፤ ዱቄቱ ዛሬም ከወረቀቱ ጀርባ ይኖራል።

እውነትም የእናቴ የዱቄት ሙጫ እንደ ጨዋ ሰው ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲለምኑት ይለቃል። የእኔ ኮላ የነካው ገጽ ግን ተቦጫጭቆ ነው የወጣው። ልጅ ሳለሁ ያንን ሙጫ ስትሠራ አይቻለሁ፤ የፉርኖ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ ጥዳ፣ እስኪወፍር ታማስለዋለች። ሲበርድ በጣታችን እየጠነቆልን እንልሰው ነበር። አይጥና በረሮም ይወዱታል፤ ለዚህ ነው ሌሊት ግድግዳው ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር የማይጠፋው።

በዕድሜ ለጋ የሆነ አንባቢ ጋዜጣ ለምን ይለጠፋል ሊል ይችላል። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አቧራ ያራግፋል፣ ነፋስ ያስገባል። ወረቀት ይህን ሁሉ ይይዛል። ኩራዝ በሚበራበት ቤት ደግሞ ነጣ ያለ ግድግዳ ማለት ሁለተኛ ኩራዝ ማለት ነው። ቀለም ውድ ነበር፤ አሮጌ ጋዜጣ ግን አባቴ ዘበኛ ሆኖ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት በነጻ ያመጣል። ጭስና ጥላሸት ሲያጠቁረው እናቴ ለእንቁጣጣሽ በላዩ ላይ አዲስ ትለጥፋለች። ስንልጥ አሥራ አንድ ድርብ ቆጠርን። አንድ ላይ ሲያዝ እንደ ካርቶን ይጠነክራል።

ሥራው እዚህ ላይ ቀዘቀዘ፤ እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ቀለም ቀቢው በቀን ሒሳብ ስላልተዋዋልን ቅር ተሰኝተው ይሆናል፤ ግን ከንባቤ አላቋረጡኝም። እንዲያውም የሎተሪ ዕጣ የወጣበትን ገጽ ሲያገኙ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ።

ፀሐይና አየር ያገኘው የላይኛው ገጽ ቡናማ ሆኗል። የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ብርሃን ያስረጀዋል። ከሥር ያሉት ግን ትናንት የታተሙ ይመስላሉ። በላይኛው ድርብ ደራርቱ ቱሉ አለች፤ የ1984ቱ ባርሴሎና። ከእርሷ በታች የፓርቲና የጉባኤ ዜና የሞላበት ሠርቶ አደር ጋዜጣ። ከዚያ ምሩጽ ይፍጠር፣ በ1972 ሐምሌ ከሞስኮ በአምስት ሺህና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣ ጊዜ። ይህ ገጽ ከአልጋዬ ራስጌ ስለነበር በሕልሜም ሳይቀር አውቀዋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በምሩጽ ነው። "ም"ን ያወቅኋት ከስሙ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ስገባ መምህሯ የማነብበውን ስትጠይቀኝ "ምሩጽ" አልኩ። ከዚህ ድርብ በታች ያለውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

የምሩጽን ገጽ ሳነሳ ከሥሩ ያለው አዲስ ዘመን ተዘቅዝቋል። በስሕተት ነው ብዬ አለፍኩ። ከጎኑ ያለውን አነሳሁ፤ እርሱም ተዘቅዝቋል። ሦስተኛው ቀጥ ብሏል፤ የ1961ዱ ማሞ ወልዴ፣ የሜክሲኮው ማራቶን። ከእርሱ አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ገጽ በጎኑ ተኝቷል። አንገቴን እያዞርኩ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ነው የገባኝ፦ ፎቶግራፍ ያለበት ገጽ ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊደል ብቻ ያለበት ግን እንደ ዕድሉ ነው። ከምሩጽ ወደ ላይ ያለው ድርብ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ከእርሱ ወደ ታች ያለው ሁሉ የተዘበራረቀ።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሜ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ በሠርግም በልቅሶም፣ "እኔ ማንበብ የተማርኩት አናቴ ላይ ቆሜ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ጽሑፉ ሁሉ የተዘቀዘቀ ነበር" ይላል። እኛ ታናናሾቹ ደግሞ ከትከት ብለን እንስቃለን፤ ምክንያቱም እኛ በምናውቀው ቤት ምሩጽ በእግሩ ነው የቆመው። አርባ ዓመት ሙሉ ቀጣፊ እያልነው ኖረናል። ስልኬን አውጥቼ ሦስት ገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። እርሱ ጋር ገና ማለዳ ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "የይቅርታ ደብዳቤውን በቀጥታ ለጥፉልኝ።"

እናቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ገጹን ይዤላት ወጣሁ።

"እማዬ፣ ይሄ ለምን ተዘቀዘቀ?"

ተቀብላ አየችው። ዛሬ ያለ መነጽር አታነብም፤ ግን ይህን ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ? ፎቶ ካለው በሰውየው ራስ አውቀዋለሁ። ከሌለው እግዜር እንደመራኝ ነዋ።"

ከዚያ ስለ መሠረተ ትምህርት ነገረችኝ። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያው ዙር በከተሞች ላይ ያተኮረ ስለነበር የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ማታ ማታ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይጎርፉ ነበር። እርሷ በፍላጎት አልሄደችም፤ ያልተመዘገበ ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም ተብሎ ተወርቶ ነው። እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ ዕድሜዬ ከመታዘል ያለፈ ቢሆንም፣ ሀሁ ቆጠረች። አስተማሪዋ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ነበረች።

"አንድ ቀን ማታ ከክፍል መጥቼ፣ እስቲ ቤቴን ላንብበው ብዬ ኩራዙን አንስቼ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። አንድም ፊደል እንቢ አለኝ። ያ ትምህርት ከአዳራሽ ከወጣ የማይሠራ መሰለኝ! ሀ ነው ያልኩት በ ይሆናል፣ በ ነው ያልኩት ሀ ይሆናል።"

ይህን ስትል ጣቷን አፈር ላይ አሳረፈችና ሁለቱን ፊደሎች ጻፈች። በእርግጥም ሀ ሲገለበጥ በ ነው፣ በ ሲገለበጥ ሀ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ፊደል ሳነብ ኖሬ ይህን አስተውዬው አላውቅም። እርሷ ለሁለት ሌሊት በዚህ ተሰቃይታ፣ በሦስተኛው ማሞ ወልዴን አየችና የእርሱ ስም ብቻ ለምን እንደሚነበብ ራሷን ጠየቀች። በቀጣዩ ዓመት ለእንቁጣጣሽ፣ በ1973 ዋዜማ፣ ግድግዳውን በሙሉ ከወለል እስከ ኮርኒስ ለብቻዋ ለጠፈችው። ያቺ የምሩጽ ድርብ እርሷ ናት። ሲለጠፍ ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም፤ እያንዳንዱን ገጽ ከመለጠፏ በፊት አንድ መስመር ጮክ ብላ ታነብበው ነበር አለችኝ። የ2003ቱ ጡቤ ለምን እንዳላስደሰታት ገባኝ። የምታነብበውን ወስጄባታለሁ።

ያም ሆኖ እናቴ ለወረቀቱ አልሳሳችም። እኔ ገጾቹን አድርቄ ላስቀምጣቸው ስል፣ "የትኋን አልጋ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?" አለችኝ። ሦስት ማዳበሪያ ሞላ። ለወንድሜ ሦስት ገጽ ሸሸግሁ፤ የቀረው ከሰል ማቀጣጠያ ሆነ። ኅዳርን በሙሉ ቡናችን የተፈላው በአዲስ ዘመን ነው።

የቀረው የጭቃ ሥራ ነው። ቀለም ቀቢው በከሰል ያከበቡትን ሁሉ እስከ ማገሩ አፈረሱት። ቀይ አፈር ተነፋ፣ የጤፍ ጭድ ተጨመረበት፣ በእግር ተረግጦ ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቦካ። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ሲቦካ ደግሞ ጎረቤት ያስቀይማል፤ ሽታው የጠላ ጋን ውስጥ በሬ የገባ ያስመስላል። ከመመረጉ በፊት አሮጌው ጠርዝ በትንሹ ይርሳል፤ ደረቅ አፈር የእርጥቡን ውኃ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ሁለቱ ሳይያያዙ እንዳይቀሩ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ማድረቅ። እኔ በሦስተኛው ቀን በእጄ ነክቼ ደርቋል አልኩ፤ "ፊቱ ነው የደረቀው፣ ልቡ ገና ነው" ብለው መለሱኝ። ጸጉር የመሰሉ ስንጥቆች ሲወጡ አሸዋ የበዛበት ስስ ልስን ደረቡበት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ደባበሱት።

ቀለሙ ላይ ተከራከርን። እኔ ሰው ቤት ያየሁትን የፕላስቲክ ቀለም ፈለግሁ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሽማግሌው ብሩሻቸውን ቁጭ አድርገው፣ "ላስቲኩን ነቅለሽ በጣሳ ያለ ላስቲክ ልትቀቢበት ነው?" አሉኝ። ትክክል ናቸው። በጭቃ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም ሁለት ክረምት ቢያልፍ በሦስተኛው እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል።

ስለዚህ ኖራ ሆነ። በበርሜል ተዘፍዝፎ ሰነበተ፤ ተጠለለ፤ እንዲይዝ ጥቂት ጨው ተጨመረበት፤ ውኃ እንደበዛበት ወተት ቀጠነ። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላልና መነጽር አደረግን። የመጀመሪያውን እጅ ሲቀቡ ምንም አይታይም፤ ግድግዳው እርጥብ ጭቃ እንደሆነ ነው። ገንዘቤን የበሉኝ መስሎኝ ነበር። ኖራ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ድንጋዩ እቶን ውስጥ ሲቃጠል ያጣውን ከአየር ላይ መልሶ እየሳበ ግድግዳው ላይ እንደገና ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ክፍሉ ውስጥ ሰው መብራት ያበራ መሰለኝ።

ሁለተኛው እጅ እስኪደርቅ ከእናቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የከነከነኝን አነሳሁ።

"እማዬ፣ አባባ እኮ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር።"

"ነበር እንጂ።"

"ታዲያ አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ጽሑፍ ተዘቅዝቆበት ሲኖር ለምን አልነገረሽም?"

ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች። ቶሎ አልመለሰችልኝም።

"አልነገረኝም። አንድ ቀን ብቻ ከገበያ ስመለስ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱን ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ አገኘሁት። ፊቱ ቀልቷል። ደንግጬ 'ምን ሆነህ ነው?' ስለው፣ 'ወገቤን እያፍታታሁ ነው' አለኝ።"